ከአሮጌ ፕሮግራሞች ውስጥ አይከን ማውጣትና በአንድ ገበታ ላይ ማየት

በአንድ የዊንዶውስ ፕሮግራም ውስጥ ያለው አይከን አንድ ሥዕል አይደለም። ፋይሉን ከፍቶ ላየው ሰው ሙሉ ቤተሰብ ነው፤ 16 በ16 ፒክስል የሆነ አለ፣ 32 በ32 አለ፣ 48 በ48 አለ፤ እያንዳንዱ መጠን ደግሞ በ16 ቀለም፣ በ256 ቀለምና በ32 ቢት ተደጋግሞ ሊቀመጥ ይችላል። ኮምፒውተሩ ከእነዚህ መካከል ለቦታው የሚስማማውን አንዱን መርጦ ያሳየናል። ሌሎቹን ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለዓመታት እየሠራበት አንድም ቀን ላያያቸው ይችላል። እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ይህ ያልታየው ክፍል ነው። አሮጌ ፕሮግራሞችን የሚያከማች፣ የዲዛይን ታሪክ የሚያጠና ወይም የድሮ ሲዲዎቹን ከመጣሉ በፊት በውስጣቸው ያለውን ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ የሄድኩበት መንገድ ጊዜ ይቆጥብለታል ብዬ አስባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥሬ ዕቃዬ በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት የተጠራቀመ ነው። ደንበኛ ኮምፒውተሩን ሲቀይር ሲዲዎቹን ይዞ አይሄድም። «እዚያው ይቀመጥልኝ» ይላል፤ ተመልሶ የጠየቀኝ ግን የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዩኒኮድ የተባለው የጋራ የፊደል መለያ ሥርዓት ከመስፋፋቱ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ የዘመን አቆጣጠር ማስሊያዎች፣ መዝገበ ቃላት፣ የሒሳብ መዝገብ መያዣዎች፣ የፕሪንተር ሲዲዎችና ከውጭ መጽሔቶች ጋር የመጡ የናሙና ፕሮግራሞች መሳቢያውን ሞሉት። የሚያሳስቡኝ በተለይ የአገር ውስጦቹ ናቸው። የትልልቅ ኩባንያዎች ፕሮግራም በሌላ አገር በሌላ ሰው እጅ መገኘቱ አይቀርም። አንድ የአዲስ አበባ ፕሮግራመር ለጥቂት መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሠራው ፕሮግራም ግን ያለችው ሲዲ ከተጫረች ያበቃለታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቅጂ ማንሳት ነው። የፍሎፒ ዲስክ ከሆነ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ቀዳዳው እስኪታይ ድረስ አንሸራቱት፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ከዚያ ፋይሎቹን እየመረጡ ከመገልበጥ ይልቅ ዲስኩን እንዳለ በአንድ ፋይል መልክ ቅዱት። የፋይሎቹ ቀን፣ የፎልደሮቹ አቀማመጥና የተደበቁት ፋይሎች ሁሉ ሳይነኩ ይቆያሉ። ዋናውን ወደ ሣጥኑ መልሱና ከዚያ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን።

አይከን ለማውጣት ፕሮግራሙን ማስነሳት አያስፈልግም፤ ማስነሳትም አይገባም። ያልታወቀ የድሮ ሲዲ ወይም ፍላሽ ምን እንደተሸከመ አይታወቅም። አይከኑ በፋይሉ ውስጥ ለሥዕሎች፣ ለመስኮቶችና ለጽሑፎች በተለየው የሪሶርስ ክፍል ተቀምጧል፤ አውጪው መሣሪያ ፋይሉን እንደ ማንኛውም ሰነድ ያነበዋል እንጂ አያስኬደውም። እኔ ሥራውን ከዊንዶውስ ሌላ በሆነው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ በሊኑክስ ላይ የማደርገው ለዚሁ ነው። በስሕተት ሁለቴ ብጫን እንኳ የዊንዶውስ ፕሮግራሙ በቀጥታ አይነሣም።

ስለ ፋይሉ አሠራር ትንሽ ማወቅ ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል። ማንኛውም የዊንዶውስ ኢኤክስኢ (ፕሮግራሙ ራሱ) ወይም ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት አጋዥ) ፋይል የሚጀምረው 77 እና 90 በተባሉ ሁለት ባይቶች ነው፤ እነዚህም የማይክሮሶፍት ባለሙያ የነበረው የማርክ ዝቢኮውስኪ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። ከፋይሉ መጀመሪያ 60ኛው ቦታ ላይ እውነተኛው ራስጌ፣ ማለትም ስለ ፋይሉ የሚገልጸው የመግቢያ ክፍል፣ የት እንደሚጀምር የሚናገር ቁጥር አለ። እዚያ ስትደርሱ ፋይሉ ለባለ 16 ቢቱ የዊንዶውስ 3 ዘመን የተሠራ ነው ወይስ ከዊንዶውስ ኤንቲና ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ያለው ዓይነት የሚለው ይለያል። በሪሶርሱ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ሥዕል ዓይነት 3 በሚባል ስር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ዓይነት 14 ደግሞ የቤተሰቡ መዝገብ ነው፤ የትኞቹ ሥዕሎች የአንድ አይከን እንደሆኑ፣ መጠናቸውንና ቀለማቸውን የሚዘረዝረው እሱ ነው። ሁልጊዜ ከ14 ጀምሩ። ከ3 የጀመረ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ዝምድናው ያልታወቀ የሥዕል ክምር ነው።

የራሳችሁን ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ለብቻው በተቀመጠ የአይከን ፋይል ውስጥ የእያንዳንዱ ሥዕል መግለጫ 16 ባይት ነው። በኢኤክስኢ ውስጥ ግን 14 ባይት ነው፤ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ያለው ባለ አራት ባይት የቦታ ጠቋሚ በባለ ሁለት ባይት መለያ ቁጥር ተተክቷል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነበበ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ሥዕል በትክክል ያወጣና ከሁለተኛው ጀምሮ ይሳሳታል። ለዚህ ነው ሙከራችሁን አንድ ሥዕል ብቻ ባለው ፋይል ላይ አታድርጉ የምለው።

ሁሉም ሰው ፕሮግራም መጻፍ የለበትም። በሊኑክስ ላይ አይኮዩቲልስ የተባለው ጥቅል ሁለት ዋና መሣሪያዎች አሉት፤ ሬስቱል ከፕሮግራሙ ያወጣል፣ አይኮቱል የወጣውን አይከን ፒኤንጂ ወደተባለው የተለመደ የሥዕል ፋይል ዓይነት ይፈታዋል። ሬስቱል ባለ 16 ቢቶቹን አሮጌ ፋይሎችም ስለሚያነብ እኔ ዋና መሣሪያዬ አድርጌዋለሁ። በዊንዶውስ ላይ ሪሶርስ ሃከር ለአንድ ለአንድ ምርመራ ይመቻል። በየቤቱ የሚገኘው 7-ዚፕም ኢኤክስኢን እንደ ተጨመቀ ፋይል ከፍቶ የአይከኑን ፎልደር ማሳየቱን ብዙ ሰው አያውቅም። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ሰው ደግሞ ፒኢፋይልና ፒሎው የተባሉትን ላይብረሪዎች አጣምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችን በአንድ ትእዛዝ ማስኬድ ይችላል፤ ፒኢፋይል ግን የዊንዶውስ 3ን ፋይሎች አያነብም።

ከሲዲ ላይ ሲጀምሩ የሚወጡት አይከኖች ጥቂት ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው። እውነተኛው ፕሮግራም በመጫኛው ውስጥ ተጨምቆ ስለተቀመጠ መጀመሪያ የሚታየው የመጫኛው አይከን ብቻ ነው፤ እሱም በመቶ ሲዲ ላይ ያው ነው። በዊንዶውስ 3 ዘመን ዲስኮች ላይ የፋይሉ ስም የመጨረሻ ፊደል በታች ሰረዝ (_) ተተክቶ ታያላችሁ፤ ይህ ፋይሉ መጨመቁን ያመለክታል፣ 7-ዚፕም ይፈታዋል። ካብ የሚባሉትን የተጨመቁ ፋይሎችም እንዲሁ። ዩፒኤክስ በተባለው ማጥበቂያ የታሸጉ ፕሮግራሞች ሌላ ባሕርይ አላቸው፤ ዊንዶውስ በፎልደር ውስጥ የሚያሳየው የመጀመሪያው አይከን እንዳለ ይተውና የተቀሩት ይጨመቃሉ። ከአንድ ፕሮግራም አንድ ብቻ ሲወጣላችሁ ዩፒኤክስን ጠርጥሩና በራሱ በዩፒኤክስ አስፈቱት።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልግባ፤ ብዙ አይከን የሚበላሸው እዚህ ነውና። የዊንዶውስ 3 ዘመን መደበኛ አይከን 32 በ32 ሆኖ 16 ቀለም አለው፤ መጠኑ 744 ባይት ነው። 40 ባይት ራስጌ፣ 64 ባይት የቀለም ሠንጠረዥ፣ 512 ባይት ሥዕል፣ 128 ባይት ጭምብል። ጭምብሉ ከሥዕሉ ውስጥ የትኛው ፒክስል እንደሚታይና የትኛው የኋላውን እንደሚያሳልፍ የሚወስን ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። ሥዕልና ጭምብል ተደራርበው ስለተቀመጡ ራስጌው ቁመቱን 32 ሳይሆን 64 ብሎ ይናገራል፤ ይህን የማያውቅ የሥዕል ማንበቢያ ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቆ ያሳያችኋል። መስመሮቹ ከታች ወደ ላይ ይነበባሉ፣ ቀለሙም በሰማያዊ ይጀምራል። እያንዳንዱ መስመር በአራት ባይት እንዲካፈል ተሞልቷል፤ የ48 ፒክስል ጭምብል መስመር 6 ባይት ይበቃው ነበር፣ የሚይዘው ግን 8 ነው። መሙያውን የዘነጋ ፕሮግራም ጭምብሉን እየሸሸ እንደ ወረደ ደረጃ አጣሞ ያወጣዋል።

ከዚህ የባሰው ለዓይን የማይታየው ጥፋት ነው። በጥንቶቹ አይከኖች ውስጥ ጭምብሉ «አሳልፍ» ብሎ ሥዕሉ «ነጭ» ካለ፣ ያ ፒክስል ነጭም ግልጽም አይደለም፤ ከኋላው ያለውን ቀለም ይገለብጣል። ጥቁር ጀርባ ላይ ነጭ፣ ነጭ ጀርባ ላይ ጥቁር ይሆናል ማለት ነው። ፒኤንጂ ይህን የሚያስቀምጥበት መንገድ የለውም። ስለዚህ መቀየሪያዎች በዝምታ ይጥሉታል፤ ከአይከኑም አንድ መስመር ወይም አንድ ጥላ ይጎድላል። እኔ እንዲህ ያሉትን ፒክስሎች ሌላ ቦታ በማይገኝ በደማቅ ሐምራዊ አስቀልሜ ለብቻ ምልክት አደርግባቸዋለሁ። በሌላው ጫፍ፣ በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ከመጣው ባለ 32 ቢት ዓይነት መካከል የግልጽነት ባይቱ በሙሉ ዜሮ የሆነ ያጋጥማል። እንዳለ ከተወሰደ ባዶ ሥዕል ይወጣል፤ ያን ጊዜ የግልጽነት ባይቱን ትቶ ወደ ጭምብሉ መመለስ ነው። ባዶ የወጣ አይከን ሁሉ ባዶ አይደለም፤ ሳታዩት አትሰርዙት።

ዊንዶውስ ቪስታ ያመጣው 256 በ256 ደግሞ በቀላሉ ይለያል። ሳይጨመቅ ቢቀመጥ አንዱ ብቻ 270,376 ባይት ይሆን ነበርና ማይክሮሶፍት ሥዕሉን በፒኤንጂ መልክ እንዲገባ ፈቀደ። ባይቶቹ በ137፣ 80፣ 78፣ 71 ከጀመሩ ፒኤንጂ ነው፤ በ40 ከጀመሩ የድሮው ነው። በመዝገቡ ላይ ስፋቱ 0 ተብሎ ቢጻፍ አትደንግጡ፤ አንድ ባይት 256ን መያዝ ስለማይችል ዜሮው 256 ማለት ነው።

ፒኤንጂው ከወጣ በኋላ ብዙዎች ጥሬውን ይጥላሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከፕሮግራሙ እንደወጣ ያለውን አይከን አስቀምጡ፤ መቀየሪያው ያበላሸውን ነገር በኋላ ማስተካከል የሚቻለው ጥሬው ሲኖር ብቻ ነው። ከአጠገቡ አንድ ሠንጠረዥ ይኑር፤ የዲስኩ ስም፣ የፋይሉ መንገድ፣ የአይከኑ መለያ ቁጥር፣ መጠን፣ የቀለም ጥልቀት፣ የጥሬው ባይትና የተፈታው ፒክስል አሻራ። አሻራ የምለው ሻ-256 የተባለው ስሌት ከይዘቱ የሚያወጣውን መለያ ቁጥር ነው። ሁለት የሚሆንበት ምክንያት አለው፤ በፒክስል ፍጹም አንድ የሆኑ አይከኖች የቀለም ሠንጠረዣቸው ቅደም ተከተል ብቻ ተለይቶ ጥሬ ባይታቸው ሊለያይ ይችላል። ተደጋጋሚውን ሥዕል ከገበታው ላይ አንሱት፣ ከሠንጠረዡ ላይ ግን አንድም መስመር አትሰርዙ። የት የት እንደተደገመ ራሱ መረጃ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ገበታውን በፋይል ስም ቅደም ተከተል ማዘጋጀት ምንም አያስተምርም። በመጀመሪያ በመጠንና በቀለም ጥልቀት ከፋፍሉት፤ ከዚያ በየክፍሉ ውስጥ በዋነኛው ቀለም ደርድሩ። ማጉላት ካስፈለገ በሙሉ ቁጥር፣ ሁለት ወይም አራት እጥፍ፣ ያለ ማለስለሻ ይሁን፤ ማለስለሻው የሠዓሊውን ፒክስል አደብዝዞ ሥራውን ሁሉ ያጠፋል። ጀርባውን ነጭ አታድርጉት። የድሮ አይከኖች ከላይ በግራ በነጭ መስመር ብርሃን ይቀበላሉ፤ በነጭ ጀርባ ላይ ያ መስመር ይጠፋል። መካከለኛ ግራጫ ሁለቱንም ወገን ያስተናግዳል። እንዲህ ሲደረደር የ16 ቀለሙ ዘመን በግራጫው፣ በጥቁር ሰማያዊውና በዚያ በማይጠፋ አረንጓዴ ሰማያዊ ከሩቅ ይታወቃል፤ ከኤክስፒ ወዲህ ያሉት ለስላሳ ጥላቸውን ይዘው ለብቻቸው ይሰበሰባሉ።

በዘመን መደርደር የበለጠ ያጓጓል፣ ወጥመዱም የበለጠ ነው። ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ያለው ፋይል ራስጌ የተሠራበትን ጊዜ ከ1970 ጀምሮ በሰከንድ ቆጥሮ ይይዛል። በገበታዬ ላይ አንድ ትልቅ ክምር ጁን 19 ቀን 1992 ላይ ቆሞ አየሁ፤ ብዙዎቹ አይከኖች ግን ከዚያ ዓመት በብዙ የዘገየ መልክ ነበራቸው። ምክንያቱ ዴልፋይ የተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ነው። የዴልፋይ ስሪቶች ለዓመታት በሚሠሩት ፕሮግራም ሁሉ ላይ ያንን አንድ ቋሚ ቀን ያትሙ ነበር፤ ዴልፋይ ራሱ ደግሞ የወጣው በ1995 ነው። ከአገር ውስጥ ፕሮግራሞቻችንም በዚያ ቀን ላይ የተገኙ አሉ፤ ስለ ዕድሜያቸው ባይነግረኝም በምን እንደተሠሩ ነገረኝ። በዊንዶውስ 10 የራሱ ፋይሎች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ቀን መሆኑ ቀርቷል፤ ከፋይሉ ይዘት የተሰላ አሻራ ስለሆነ ወደ ቀን ሲለወጥ ገና ያልመጣ ዓመት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ይህን ቀን ከዲስኩ ላይ ካለው የፋይል ቀን ጋር አስተያዩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ቦታውን ባዶ መተው ይሻላል።

አሁን ስለ መደጋገሙ። ከሲዲዎቹ ሌላ ለጥገና ከመጡ ፍላሾች የቀዳሁት ክምችትም ነበረኝ። ገበታው በአሻራ ሲደረደር የዊንዶውስ ኤክስፒ ቢጫ ፎልደር ከሁሉም በላይ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ አይከን ሆኖ ወጣ። ተሸካሚዎቹ ግን ኢኤክስኢዎች ናቸው። ስማቸው «የሰርግ ፎቶ»፣ «መዝሙር»፣ «ሪፖርት» ነው፤ የፋይል መጠናቸው በቡድን በቡድን አንድ ነው። በየኢንተርኔት ቤቱና በየቢሮው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዘል የነበረው የፎልደር ቫይረስ ይኸው ነው። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙና በፎልደር አይከን ራሱን ያስቀምጣል። ዊንዶውስ የታወቁ የፋይል ቅጥያዎችን ሳይነኩት ስለሚደብቅ ተጠቃሚው ፎልደር የከፈተ እየመሰለው ፕሮግራም ያስነሣል። በዊንዶውስ 7 ላይ እንኳ የኤክስፒውን ፎልደር ለብሶ ይመጣ ነበር፤ ከአጠገቡ ካሉት አዲስ ፎልደሮች መልኩ እየተለየ ሰው ልብ አይለውም። ሊኑክስ የፍላሹን የመደበቂያ ምልክት ስለማይከተል እውነተኛው ፎልደርና ስመ ሞክሼው ኢኤክስኢ ጎን ለጎን ይታያሉ። «ፎቶዬ ጠፋ» ብሎ ለሚመጣ ደንበኛ ብዙ ጊዜ መልሱ ይህ ነው፤ ፎቶው እዚያው ተደብቆ ተቀምጧል። ፎልደር የሚመስል አይከን የያዘ ኢኤክስኢ ስታገኙ ለብቻው አስቀምጡት፤ ለማወቅ ብላችሁም አትክፈቱት።

ወደ ንጹሑ ነገር ስመለስ፣ ለእኔ የገበታው ምርጥ ረድፍ 16 በ16ቱ ነው። ብዙ ሰብሳቢ ትልቁን ብቻ ያስቀርና ትንሹን «ያው ነው» ብሎ ይጥላል። ያው አይደለም። ጥንቃቄ ያለው ሠዓሊ ትንሹን እንደገና ይሥለዋል፤ ዝርዝሩን ይቀንሳል፣ ጠርዙን ያጠቁራል፣ አንዳንዴም ሐሳቡን ይለውጣል። በ1984 የማኪንቶሽን አይከኖች፣ በኋላም ለዊንዶውስ 3.0 የሠራችው ሱዛን ኬር ሙያ በዚህ ጥበት ውስጥ መናገር ነበር። ከአገር ውስጥ የአማርኛ መጻፊያዎች በአንዱ ላይ 32ቱ ፊደል የተጻፈበት ብራና ይመስላል፤ 16ቱ ላይ ብራናው ቀርቶ ፊደሉ ብቻ በወፍራሙ ተሥሏል። የሠራው ሰው ማን እንደሆነ ከፋይሉ አይታወቅም፤ በ256 ፒክስል ውስጥ ግን ምን እንደሚነበብ የገባው ሰው ነበር። በሌላው ፕሮግራም ላይ ትንሹ አይከን ትልቁ በማሽን ተጨፍልቆ የቀረ ጭጋግ ነው።

ለመለማመጃ አሮጌ ዊንዶውስ ያላችሁ በሁለት ፋይሎች ጀምሩ። ሞሪኮንስ የሚባለው ዲኤልኤል ከዊንዶውስ 3 ዘመን ጀምሮ ለታወቁ የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ፕሮግራሞች የተዘጋጁ አይከኖችን ይዟል፤ ባለቤቶቻቸው ከተረሱ በኋላም አብሮ መጓዙን አላቋረጠም። ፒፍማኔጀር የሚባለው ደግሞ ተጠቃሚው ለዶስ ፕሮግራሙ ደስ ያለውን እንዲመርጥ ጃንጥላ፣ ፖምና የባሕር ዳርቻ ኳስ የመሳሰሉትን ሰብስቧል። ሁሉም ትንንሽና በ16 ቀለም ስለሆኑ መሣሪያችሁ በትክክል መሥራቱን ያሳያሉ።

በዊንዶውስ 10 ላይ የዊንዶውስን የራሱን አይከኖች ይይዙ የነበሩትን ሼል32ን ወይም ኢሜጅሬስን ከፍታችሁ አይከኑ ከጠፋባችሁ ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ አትድከሙ። 1903 የሚል ቁጥር ካለው ስሪት ወዲህ ሥዕሎቹ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሲስተምሪሶርስስ ወደተባለ ሌላ ፎልደር ተዛውረዋል፤ ፋይሎቹም ሙን በሚል ቅጥያ ያበቃሉ። ሪሶርስ ሃከር ይከፍታቸዋል። አውጥታችሁ ማጥናት አንድ ነገር ነው፤ አይከኖቹ የሠሪዎቻቸው ንብረት ስለሆኑ ሙሉ ክምችቱን ለሕዝብ ከመልቀቅ ወይም በራሳችሁ ፕሮግራም ላይ ከመለጠፍ በፊት ፈቃዱን ተመልከቱ። የአገር ውስጦቹን በተመለከተ እኔ በፕሮግራሙ የማስተዋወቂያ መስኮት ላይ የተጻፈውን የሠሪ ስም በሠንጠረዡ ላይ ጨምሬ እመዘግባለሁ። ያ መስኮትም ከአይከኑ ጋር በዚያው የሪሶርስ ክፍል ውስጥ፣ ዓይነት 5 ስር ይገኛል።